ስለ ፎቶግራፍ ብርሃን አለካክና ሂስቶግራም ስለሚባለው መዝገብ

በዛሬው ዘመን ፎቶግራፍ ማንሣት የጥቂት ባለሙያዎች ሥራ መሆኑ ቀርቶ በየቤቱ የሚደረግ ነገር ሆኗል። ልጅ ክርስትና ሲነሣ፣ ሙሽራ ከቤት ሲወጣ፣ አባትና እናት በበዓል ቀን ለብሰው ሲቀመጡ፣ ከቤተ ሰቡ አንዱ ካሜራውን ወይም የእጅ ስልኩን አውጥቶ ያነሣል። ነገር ግን ከነዚህ ሥዕሎች ብዙዎቹ ወይ ፊቱ ጠቍሮ ወይ ልብሱ እንደ ኖራ ነጥቶ ይወጣሉ፤ አንሺውም ነገሩ ከምን እንደ መጣ ስለማያውቅ አንድ ጊዜ ካሜራውን፣ አንድ ጊዜ ፀሐዩን፣ አንዳንድ ጊዜም የተነሣውን ሰው ይወቅሳል። እኛም እንዲህ ስንወቅስ ብዙ ዓመት ኖረናል። ስለዚህ ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ላይ ስለ ብርሃን አለካክ፣ ይልቁንም በካሜራው መስኮት ላይ ስለሚታየው ሂስቶግራም ስለሚባለው ትንሽ መዝገብ፣ የተማርነውን ያህል ለክቡራን አንባቢዎቻችን ልንገልጽ አሰብን። የተማርንበትንም ምክንያት አንደብቅም።

ነገሩ እንዲህ ነበር። በአንድ የእንቍጣጣሽ ዕለት እናታችን ራሳቸው የፈተሉትን፣ ሸማኔም ፈዛዛ ብጫና ወርቅማ ጥለት አግብቶ የሠራውን አዲስ ነጠላ ለብሰው በቤታቸው ደጃፍ በበርጩማ ላይ ተቀምጠው ነበር። በነጠላው በአንዱ ጫፍ ሸማኔው ክር ተበጥሶበት የቋጠረው ስፍራ ስለ ነበረ፣ «እጁ ይስነፍ አልልም፤ ዐይኑ ግን ሰንፏል» እያሉ ያን ጫፍ ወደ ውስጥ አጥፈው ደብቀውታል። ጥዋት ነበረና ፀሐዩ በነጠላው ላይ ያርፋል፤ ፊታቸው ግን በቤቱ ክዳን ጥላ ውስጥ ነው፤ በስተኋላቸውም በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ የቤቱ ውስጥ ጨለማ ይታያል። እኛም ካሜራችንን አነጣጥረን፣ የብርሃኑን ነገር ሁሉ ለካሜራው ትተን አነሣናቸው። ሥዕሉን ባሳየናቸው ጊዜ መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ተመለከቱና፣ «ልጄ፣ ፊቴስ ደኅና ነው፤ ጥለቱን ግን ወዴት አደረስኸው?» አሉን። በእውነትም ጥለቱ አልነበረም። ከአንገታቸው በታች ያለው ሁሉ ነጭ ወረቀት ተቈርጦ የተለጠፈ ይመስል ነበር። እኛም «ግድ የለም እማዬ፣ በኋላ አስተካክለዋለሁ» ብለን ቃል ገባን። ያን ቃላችንን ግን ልንፈጽም አልቻልንም፤ እናታችንም በተከታዩ ዓመት ክረምት ዐረፉ።

ያልቻልንበት ምክንያት እንዲታወቅ አስቀድሞ ካሜራ ብርሃንን የሚቀበልበትን መንገድ ማወቅ ያስፈልጋል። በዲጂታል ካሜራ ውስጥ ከመስተዋቱ በስተኋላ፣ ቀድሞ ፊልም ይቀመጥበት በነበረው ስፍራ፣ ብርሃን ተቀባይ ሰሌዳ አለ፤ ስፋቱ በእጅ ስልክ ከጣት ጥፍር የማይበልጥ፣ በትልቁ ካሜራ 36 በ24 ሚሊሜትር ያህል ነው። በዚህ ሰሌዳ ላይ በሚሊዮን የሚቈጠሩ ጥቃቅን ብርሃን ተቀባዮች ተሰልፈዋል። ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት፣ በክረምት ቀን በግቢያችን ውስጥ እንስራዎች በረድፍ ደርድረን ዝናብ እንዲገባባቸው ለተወሰነ ጊዜ አፋቸውን ከፍተን ብንተው፣ ብዙ ዝናብ የወረደበት እንስራ ብዙ፣ በዛፍ ሥር ያለው ጥቂት ውኃ ይይዛል። ጊዜው ሲያልቅ አንድ ሰው በየእንስራው ያለውን ውኃ እየለካ ቍጥሩን ይጽፋል። ካሜራውም የሚያደርገው ይህን ነው። ነገር ግን አንድ እንስራ ጢም ብሎ ከሞላ በኋላ የሚወርደው ዝናብ ሁሉ ይፈሳል፤ የፈሰሰውም አንድ ጭልፋ ይሁን አሥር ማድጋ ለካው ሊያውቅ አይችልም። በመዝገቡ የሚጽፈው «ሞልቷል» ብሎ ብቻ ነው። የእናታችን ነጠላ የጠፋው በዚህ ነው። የክሩም፣ የጥለቱም፣ የእጥፋቱም እንስራ ሁሉ ስለ ሞላ፣ የሁሉም ቍጥር አንድ ሆነ።

የዚህ አሠራር ዕድሜ ረዥም አይደለም። ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ ለውጦ በረድፍ የሚያስተላልፈውን መሣሪያ ዊላርድ ቦይልና ጆርጅ ስሚዝ በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ በ1969 አሰቡት፤ በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው። ለዚህም ሥራቸው በ2009 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። በ1975 ደግሞ የኮዳክ ኩባንያ መሐንዲስ ስቲቭን ሳሶን የመጀመሪያውን የእጅ ዲጂታል ካሜራ ሠራ፤ ያ ካሜራ 10,000 ነጥብ ብቻ ነበረው፤ አንዱን ጥቁርና ነጭ ሥዕል በካሴት ክር ላይ ለመጻፍም 23 ሴኮንድ ይፈጅበት ነበር።

ወደ እንስራዎቹ እንመለስ። የሚገባውን ብርሃን ልክ የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ሦስተኛም ረዳት አላቸው። ፊተኛው የመስተዋቱ ዐይን ነው፤ ይህም ዐይን 2.8፣ 4፣ 5.6፣ 8፣ 11፣ 16 እየተባለ ይቈጠራል፤ ቍጥሩ አንድ ደረጃ ከፍ ባለ ቍጥር የሚገባው ብርሃን በግማሽ ይቀንሳል። ቍጥሩ ሲበዛ ቀዳዳው መጥበቡ ጀማሪን ሁሉ ግራ ያጋባል፤ ነገር ግን ቍጥሩ የመስተዋቱ የትኵረት ርዝመት ለቀዳዳው ስፋት ሲካፈል የሚገኘው ድርሻ መሆኑን ያወቀ ሰው አይደናገርም። ሁለተኛው መዝጊያው ክፍት ሆኖ የሚቈይበት ጊዜ ነው፤ ይኸውም የሴኮንድ 60ኛ፣ 125ኛ፣ 250ኛ እያለ በግማሽ በግማሽ ይሄዳል። ሦስተኛው አይ.ኤስ.ኦ. የሚባለው ነው፤ እርሱ ግን ብርሃን አያስገባም። የገባውን ብቻ ያጐላል፤ ልክ በአደባባይ ድምፅ ማጉያ ሲከፈት የተናጋሪው ቃልም የመሣሪያውም ጩኸት አብሮ እንደሚጐላ፣ አይ.ኤስ.ኦ. ከፍ ሲል ሥዕሉም በላዩ ያለው ሻካራ ነጠብጣብም አብሮ ይጐላል። ሰማዩ በጠራበት በጠራራ ፀሐይ ዐይኑ 16፣ አይ.ኤስ.ኦ. 100፣ መዝጊያው የሴኮንድ 100ኛ ያህል ቢሆን ሥዕሉ ደኅና ይወጣል፤ ይህ ያለ ምንም መለኪያ ሊሠራበት የሚችል የቈየ የፎቶግራፍ አንሺዎች ደንብ ነው። በክፍት ጥላ ሥር ግን ብርሃኑ ወደ 8 እጅ ስለሚያንስ ዐይኑ ወደ 5.6 ይከፈታል።

ካሜራው ራሱ በሚለካ ጊዜ ስለ ምን ይሳሳታል? ይህ የነገሩ ሥር ነውና ጥቂት ልንቈይበት ይገባል። የካሜራው መለኪያ ፊት ለፊቱ ያለው ነገር ጥቁር ይሁን ነጭ ለይቶ አያውቅም፤ ወደ እርሱ የሚመጣውን ብርሃን ብቻ ይለካል። ስለዚህም የሠሩት ሰዎች አንድ ፍርድ አስቀድመው ሰጥተውታል፤ ይኸውም በፊቱ ያለው ሁሉ ተደባልቆ ሲታይ መካከለኛ ግራጫ ነው፤ ከሚያርፍበት ብርሃን ከመቶ 18 ያህሉን ይመልሳል የሚል ነው። ለብዙ ቦታ ይህ ፍርድ ይበቃል። ነገር ግን በጥምቀት ቀን ሕዝቡ ሁሉ ነጭ ለብሶ በሜዳ ላይ በቆመ ጊዜ፣ መለኪያው ያን ሁሉ ነጭ አይቶ «ይህ ግራጫ ነገር እጅግ በዝቶ በርቷል» ብሎ ያስባልና ብርሃኑን ይቀንሳል፤ ሸማው ዐመድማ ይሆናል፤ ፊቱም ከዚያ በታች ወርዶ ይጠቍራል። በሌላ በኩል ደግሞ ሰውየው በጨለማ በር ፊት ቢቀመጥ፣ መለኪያው ጨለማውን አይቶ ብርሃን ይጨምራል፤ ፊቱ ደኅና ይሆናል፤ ነጠላው ግን ይቃጠላል። እንግዲህ ያው ሰው፣ ያው ልብስ፣ ያው ፀሐይ ሆኖ፣ በስተኋላው ባለው ነገር ብቻ ሁለት ተቃራኒ ጥፋት ይደርሳል ማለት ነው። ብዙ ሰው የሚያስበው ጥፋቱ አንድ ዓይነት መስሎት ነው፤ ስለዚህም አንዱን ሲያስተካክል ሌላውን ያበላሻል። የዛሬ ካሜራዎች ፊትን ለይተው ያውቃሉ፤ ይህም ይረዳል፤ ነገር ግን ፊትን ብቻ ለማዳን ሲሉ ልብስን የሚያቃጥሉበት ጊዜ ብዙ ነው።

ይህ ጉዳይ ለእኛ አገር ሰው የተለየ ክብደት አለው። ንጹሕ የጥጥ ልብስ ከሚያርፍበት ብርሃን በግምት ከመቶ 80 ያህሉን ይመልሳል፤ ጠይም ወይም ጥቁር ፊት ግን ከመቶ 10 ያህሉን፣ አንዳንዱም ከዚያ ያነሰ ነው የሚመልሰው። ስለዚህ በአንድ ብርሃን ውስጥ እንኳ ነጠላው ከፊቱ 8 እጅ ይበራል። እናታችንን ባነሣንበት ቀን ደግሞ ነጠላው በፀሐይ፣ ፊታቸው በጥላ ነበር፤ ፀሐይ ከጥላ 8 እጅ ያህል ስለሚበልጥ፣ 8 ጊዜ 8፣ በነጠላውና በፊታቸው መካከል የነበረው ልዩነት ወደ 64 እጅ ደርሶ ነበር። የውጭ አገር የቀለም ፊልም ሠሪዎችም በቀድሞ ዘመን ነገሩን አላቀለሉልንም፤ ኮዳክ ለማጠቢያ ቤቶች ቀለምና ብርሃን ማስተካከያ እንዲሆን ይልከው የነበረው፣ «ሸርሊ» እየተባለ የሚጠራው ካርድ የአንዲት ነጭ ሴት ሥዕል ነበረበት፤ የልዩ ልዩ መልክ ሰዎች አብረው የሚታዩበት ካርድ የወጣው በ1990ዎቹ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ የነበረው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያንና ከእርሱም በኋላ ልጆቹ ነጭ ሸማ የለበሱትን መኳንንት ሲያነሡ ዛሬ በእጃችን ያለው መሣሪያ ሁሉ እንዳልነበራቸው ስናስብ፣ ለሥራቸው ያለን አክብሮት ይጨምራል።

አሁን ወደ መዝገቡ ደርሰናል። ሂስቶግራም የሚለውን ስም የሰጠው እንግሊዛዊው የቍጥር ሊቅ ካርል ፒርሰን ነው፤ በ1895 ባሳተመው ጽሑፍም ይገኛል። በካሜራው መስኮት ላይ ሲታይ የተራሮች ጥላ የሚመስል ትንሽ ሥዕል ነው። ከግራ ወደ ቀኝ 256 ዓምዶች አሉ፤ በግራ ጫፍ ያለው ዓምድ 0 ሲሆን ፍጹም ጥቁር ነው፤ በቀኝ ጫፍ ያለው 255 ሲሆን ፍጹም ነጭ ነው፤ በመካከል ያሉት ከጨለማ ወደ ብርሃን በተራ ይሄዳሉ። ካሜራው በሥዕሉ ያለውን እያንዳንዱን ነጥብ «ብርሃንህ ስንት ነው?» ብሎ እየጠየቀ፣ በሚገባው ዓምድ ላይ አንድ አንድ ይጨምራል። ሥዕሉ 24 ሚሊዮን ነጥብ ቢኖረው 24 ሚሊዮን ጊዜ ይጽፋል፤ ይህንም ሁሉ እኛ ብዕራችንን ከቀለም ሳናነሣ ይጨርሳል። በፍርድ ቤት ጽሕፈት ሥራ ለኖርን ሰዎች ከእንዲህ ያለ ጸሐፊ ጋር መወዳደር የሚታሰብ አይደለም።

ሥዕሉን ራሱን በመስኮቱ እያየን መዝገብ ማየት ለምን ያስፈልጋል የሚል ይኖራል። መልሱ መስኮቱ የሚያታልል መሆኑ ነው። በቀትር ፀሐይ መስኮቱ የጨለመ ይመስላል፤ አንሺውም ሥዕሉ ጨለመ ብሎ ብርሃን ይጨምራል። በሌሊት ግን ያው መስኮት ደምቆ ይታያል፤ ጨለማው ሥዕል ያማረ ይመስላል፤ በማግሥቱ ሲያዩት ምንም የለበትም። መዝገቡ ግን በቀትርም በሌሊትም የሚናገረው አንድ ነው።

ሆኖም ይህ መዝገብ እንደ አንድ ዓይነት ምስክር መሆኑን መዘንጋት አይገባም። በሠርጉ ላይ ስንት ሰው እንደ ነበረ፣ ስንቱ ነጭ ስንቱ ጥቁር እንደ ለበሰ ሳይሳሳት ይናገራል፤ ማን የት ተቀምጦ እንደ ነበረ ቢጠይቁት ግን አያውቅም። በቀኝ ጫፍ ላይ የተከመረ ግድግዳ ካየን፣ ብዙ እንስራ እንደ ሞላ እናውቃለን፤ የሞላው የነጠላው ይሁን የሰማዩ ግን መዝገቡ አይነግረንም። ስለዚህ በብዙ ካሜራዎች ላይ የሞላውን ስፍራ በሥዕሉ ላይ ብልጭ ድርግም እያለ የሚያሳይ ምልክት አለ፤ ሁለቱን አብሮ ማየት ምስክሩን ከሁለተኛ ምስክር ጋር እንደ ማገናዘብ ነው። በፀሐይ ያንጸባረቀ የናስ ጀበና፣ የመብራት ነበልባል፣ ፀሐይዋ ራሷ ሞልተው ቢፈሱ የሚያሳዝን ነገር የለም፤ ፊት ወይም ጥለት ሲሆን ግን ያሳዝናል።

ከዚህም ሌላ ብዙ ጀማሪዎችን የሚያሳስት አንድ ትምህርት አለ፤ ይኸውም መልካም ሥዕል ማለት መዝገቡ በመካከል እንደ ጕብታ የሆነለት ነው የሚለው ነው። ይህ ትክክል አይደለም። በመስቀል ዋዜማ ማታ ደመራ ሲነድ የተነሣ ሥዕል መዝገቡ በግራ ይከመራል፤ እንዲህም መሆን አለበት፤ ሌሊቱን ወደ መካከል ገፍተን ብናመጣው ቀን ይመስላል እንጂ ደመራ አይመስልም። ነጭ የለበሰ ሕዝብ ያለበት ሥዕል ደግሞ ወደ ቀኝ ማድላት አለበት። ስለዚህ በብዙ ካሜራ ላይ ባለው የመደመርና የመቀነስ ምልክት ባለበት ቍልፍ፣ ነጭ ሲበዛ ብርሃን መጨመር፣ ጥቁር ሲበዛ ብርሃን መቀነስ ይገባል። ነጭን ለማንሣት ብርሃን ጨምር መባሉ የተገለበጠ ምክር ይመስላል፤ እኛም በመጀመሪያ ሲነግሩን አላመንንም ነበር። ነገር ግን መለኪያው ነጩን ግራጫ ሊያደርግ መነሣቱን ያስታወሰ ሰው ምክንያቱን ይረዳዋል።

በጥላና በብርሃን መካከል መምረጥ ግድ በሆነ ጊዜ ለየትኛው እናድላ? በዚህ ጉዳይ የፊልምና የዲጂታል ሥርዓት ተቃራኒ ነው። ይህንም ለማሳየት የአሜሪካዊውን የአንሰል አዳምስን ታሪክ እናነሣለን። ይህ ሰው ከፍሬድ አርቸር ጋር በ1939 እና በ1940 ገደማ፣ በአንድ ቦታ የሚታየውን ብርሃን ሁሉ ከጥቁር እስከ ነጭ በደረጃ ከፍሎ ከማንሣት በፊት እያንዳንዱ ነገር በየትኛው ደረጃ እንደሚወጣ የሚወስን ሥርዓት አዘጋጅቶ ነበር። በ1941 በኖቬምበር መጀመሪያ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል በኒው ሜክሲኮ አገር በመኪና ሲያልፍ፣ ሄርናንዴዝ በምትባል መንደር ላይ ጨረቃ ወጥታ፣ በመቃብሩ ስፍራ የቆሙት ነጫጭ መስቀሎች በመጨረሻው ፀሐይ ሲያበሩ አየ። ፈጥኖ ወርዶ ትልቁን ካሜራውን ተከለ፤ የብርሃን መለኪያውን ግን ሊያገኘው አልቻለም። በዚያች ቅጽበት የጨረቃ ፊት ብርሃን በአንድ ካሬ ጫማ 250 ሻማ ያህል መሆኑን አስታወሰና፣ ጨረቃይቱን በብሩህ ደረጃ ላይ አስቀምጦ ከዚያ ልኩን በኅሊናው ቈጥሮ አነሣ፤ ዐይኑ 32፣ ጊዜውም 1 ሴኮንድ ነበር። ሁለተኛ ለማንሣት ፊልሙን ሲያገላብጥ ፀሐዩ ከመስቀሎቹ ላይ ሄደ። ያች አንዲት ፊልም በዓለም ከታወቁት ፎቶግራፎች አንዷ ሆነች።

አዳምስ ያን ቀን ብርሃኑን ከጨረቃዋ ቢለካም፣ ያሳሰበው ግን የታችኛው የመንደሩ ጥላ ነበር፤ በ1948ም የፊልሙን የታችኛውን ክፍል በመድኃኒት አጠንክሮታል። ምክንያቱም በፊልም ዘመን የሚፈራው ጨለማው ነው፤ ብርሃን ያልደረሰው የፊልም ክፍል ባዶ ሆኖ ይቀራል፤ ብርሃን የበዛበት ግን በእጥበት ጊዜ በመጠኑ ሊታገሥ ይቻላል። በዲጂታል ግን የሚፈራው ብርሃኑ ነው። ይህን ለማስረዳት በልጅነታችን በተማርንበት ቤት ያየናቸውን የብራና መጻሕፍት እናስታውሳለን። ቀለሙ የደበዘዘ ገጽ ቢቸግርም በብርሃን ፊት ይዞ፣ ዐይንን አጥብቦ ሊነበብ ይቻላል። ተፍቆ የነጣ ብራና ግን የቱንም ያህል ቢያዩት ፊደል አይሰጥም። በጥላ የወደቀ የዲጂታል ሥዕል እንደ ፊተኛው፣ የተቃጠለው እንደ ሁለተኛው ነው። እኛ በአንድ የጥምቀት በዓል ያነሣነው፣ ፊቱ ሁሉ የጠቈረ ሥዕል በኋላ በኮምፒዩተር ሲነሣ፣ ነጠብጣብ ቢበዛበትም የዘመዶቻችን መልክ ወጣ። የእናታችንን ነጠላ ግን ብርሃኑን ስንቀንስለት፣ 255 የነበረው ሁሉ በአንድነት 200 ሆነና፣ ነጭ ወረቀት የነበረው ግራጫ ወረቀት ሆነ።

ከዚህም ጋር አብሮ የሚታወቅ አንድ የቍጥር ነገር አለ። «ሮው» የሚባለው ጥሬ መዝገብ በደኅና ካሜራ 16,384 የብርሃን እርከኖች አሉት። ከነዚህ ውስጥ ከፍተኛው የብርሃን ደረጃ ብቻውን 8,192ቱን ይወስዳል፤ ቀጥሎ ያለው 4,096፣ ቀጥሎ 2,048 እያለ በግማሽ ሲወርድ፣ ስምንተኛው ደረጃ 64 ብቻ ይደርሰዋል። በጥላ ያለው ነገር ሻካራ ሆኖ የሚታየው አንድም ብርሃኑ ጥቂት ስለ ሆነ፣ አንድም ለእርሱ የቀረው እርከን ጥቂት ስለ ሆነ ነው። ስለዚህ የሠለጠኑ አንሺዎች መዝገቡን የቻሉትን ያህል ወደ ቀኝ ያስጠጉታል፤ ጫፉን ግን አያስነኩትም። በመስኮቱ የሚታየው ሂስቶግራም ከጥሬው መዝገብ የሚቈጠር ሳይሆን በብዙ ካሜራዎች ላይ ተሰናድቶ ከወጣው ጄፔግ ከሚባለው ሥዕል የሚቈጠር ስለ ሆነ፣ ሞላ ሲል በጥሬው ውስጥ ጥቂት ቦታ ሊተርፍ ይችላል። በዚህ ትርፍ ግን መመካት አይገባም።

ስለ ቀለምም አንድ ቃል እንጨምር። ተራው ሂስቶግራም የሚቈጥረው የሦስቱን ቀለማት ድብልቅ ነው፤ ብዙ ጊዜም ለቀዩ ከመቶ 30፣ ለአረንጓዴው 59፣ ለሰማያዊው 11 ያህል ድርሻ ይሰጣል። የመስከረምን አደይ አበባ በፀሐይ ስናነሣ፣ ብጫ ማለት ለካሜራው ቀይና አረንጓዴ ተደምረው ስለ ሆነ፣ ሰማያዊው ባዶ ሆኖ ሳለ ቀዩ ብቻውን ሞልቶ ይፈሳል፤ ድብልቁ መዝገብ ግን ሁሉ ደኅና ነው ይላል። አበባው ከዚያ በኋላ ቅጠሉ ከቅጠሉ የማይለይ የብጫ ቀለም ጠብታ ይሆናል። የጃኖ ቀይ ጥለትም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ካሜራው ሦስቱን ቀለማት ለየብቻ የሚያሳይ መዝገብ ካለው፣ በበዓል ቀን እርሱን መክፈት ይሻላል።

የእጅ ስልክ ብቻ ያላቸው አንባቢዎቻችን ይህ ሁሉ አይመለከተንም እንዳይሉ። ስልኮች በአንድ ጊዜ ብዙ ሥዕሎች አንሥተው እያጋጠሙ የጥላንና የብርሃንን ልዩነት በመጠኑ ያቀራርባሉ፤ በብዙዎቹም ላይ በመስኮቱ የሚታየውን ፊት በጣት ነክቶ፣ ከዚያ ጣትን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች በመሳብ ብርሃኑን መጨመርና መቀነስ ይቻላል። ነጠላው መንጣት ሲጀምር ጣትን ጥቂት ወደ ታች መሳብ ነው።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን ከካሜራው ውጭ ያለው ነው፤ ይኸውም ሰውየውን የሚያስቀምጡበት ስፍራ። ባለፈው ዓመት በፋሲካ እኅታችን የእናታችንን ነጠላ ከሣጥን አውጥታ ለበሰች። በዚያው ደጃፍ፣ በዚያው በርጩማ ልናነሣት ወደድን፤ ነገር ግን በሩን ዘጋነው፤ ጨለማውም ከሥዕሉ ወጣ። በርጩማውን ደግሞ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ስበን ፊቷም ነጠላውም በአንድ ጥላ ውስጥ ሆነው ወደ ብርሃኑ ግቢ እንዲመለከቱ አደረግን፤ በዚህም 64 እጅ የነበረው ልዩነት ወደ 8 ተመለሰ። በመጀመሪያ አንሥተን መዝገቡን አየን፤ የነጠላው ኰረብታ የቀኙን ጫፍ ነክቶ ነበር። በመቀነሻው አንድ ደረጃ ቀንሰን ዳግመኛ አነሣን። አሁን ሁለት ኰረብታዎች ታዩ፤ ከመካከል በስተግራ ያለው የፊቷ፣ በስተቀኝ ያለው የነጠላው፤ በነጠላው ኰረብታና በጫፉ መካከልም የጣት ጥፍር የምታህል ክፍተት ቀርታ ነበር።

እኅታችን ካሜራውን ተቀብላ ሥዕሉን እያጐላች ጥለቱን በረድፍ በረድፍ ተመለከተች። ነጠላውን ስትለብስ ያን ጫፍ ማጠፍ ረስታ ኖሮ፣ የሸማኔው ቋጠሮ በደረቷ ላይ ጕልህ ሆኖ ይታይ ነበር። «እማዬ ይህን ብታይ ሌላ አንሣ ትልህ ነበር» አለችን። እኛ ግን ሌላ አላነሣንም።